ውድ ማዕድንን በሒሳብ ስለ መቆጠብ

በየወረዳውና በየዞኑ የእርሻን ሥራ እንዲመለከቱ አደራ የተሰጣቸው ሹማምንት በክረምት መግቢያ ከገበሬው ዘንድ ዘወትር የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የማዳበሪያው ዋጋ ስለ ምን ይህን ያህል ተወደደ?» የሚል ነው። ስለ መርከቡና ስለ ጭነቱ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪውም መልስ መስጠት የተለመደ ነው። ነገር ግን ከመርከቡ በፊት ያለውን፥ ማለት ማዳበሪያው በፋብሪካ ውስጥ ከምን ተነሥቶ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ሰው እምብዛም አይገኝም። ዛሬ ከዚህ ሰፊ ነገር አንዱን ክፍል ብቻ መርጠን እንጽፋለን፤ እርሱም ፋብሪካው ያለ እርሱ ምንም ሊሠራ ስለማይችለው፥ ካታሊስት ስለሚባለው ነገርና፥ በዚህም ሥራ ውስጥ የሚገባውን ውድ ማዕድን ለማሳነስ ሊቃውንት በሒሳብ ስለሚያደርጉት ምርመራ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ይህ ናይትሮጅን ከሩቅ ተቆፍሮ የሚወጣ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ እርሱ ነው። እንግዲህ በጤፍ ማሳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ፥ ገበሬው በኩንታል ገዝቶ የሚበትነውን ነገር ተሸክሞ ያልፋል ማለት ነው። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው እጅግ በጠነከረ ማሰሪያ ስለ ተሳሰሩ፥ የጤፍም ሆነ የስንዴ ሥር ይህን ማሰሪያ ፈትቶ ሊመገባቸው አይችልም። ይህን ማሰሪያ መፍታት የፋብሪካው ሥራ ነው። ፋብሪካው ናይትሮጅኑን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ከአሞኒያውና ከካርቦን ዳይኦክሳይድም ዩሪያ ይሠራል። በዓለም በየዓመቱ የሚሠራው አሞኒያ ወደ 180 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሰው ልጅ ከሚያጠፋው ኀይል ከመቶው ሁለት እጅ ያህል ይወጣል።

ሁለቱን ጋዞች ባንድ ዕቃ ከትቶ ማሞቅ ይበቃ ይሆን ብሎ ለሚጠይቅ፥ መልሱ አይበቃም ነው። ሙቀቱ ጥቂት የሆነ እንደሆነ ማሰሪያው አይፈታም፤ ብዙ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የተዋሐደው አሞኒያ መልሶ ይፈርሳል። ከዚህ ጭንቅ የሚያወጣው ካታሊስት ነው። ካታሊስት ማለት ለውሕደቱ መንገድ ከፍቶ ራሱ ግን ሳያልቅ የሚቀር ነገር ነው። እርሾ ነው እንዳንል፥ እርሾ ከሊጡ ጋር አብሮ ይበላል፤ ይልቅስ የሁለት ቤት ሰዎችን ለጋብቻ የሚያገናኝ ሽማግሌን ይመስላል። ሽማግሌው ወገኖቹን ባንድ ያስቀምጣል፥ ያነጋግራል፥ ካስማማ በኋላም ተነሥቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ካታሊስቱም ናይትሮጅኑን በገጹ ላይ ይይዛል፥ ማሰሪያውን ይፈታል፥ ከሃይድሮጅን ጋር ያገናኛል፤ አሞኒያውንም ለቅቆ ለሚቀጥለው ቦታ ያዘጋጃል።

ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትስ ሃበር በ1909 በካርልስሩኸ ከተማ ይህን ውሕደት በከፍተኛ ግፊት ሠርቶ አሞኒያው በጠብታ ሲወርድ ባሳየ ጊዜ፥ የተጠቀመበት ካታሊስት ኦስሚየም ነበረ። ኦስሚየም ከፕላቲነም ወገን የሆነ እጅግ ብርቅ ማዕድን ነው። ሥራውን የተቀበለው ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. የተባለው ኩባንያ በገበያ የተገኘውን ኦስሚየም ሁሉ ለመግዛት ተነሣ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ተጣርቶ የነበረው የዓለም ኦስሚየም በጠቅላላው መቶ ኪሎ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ እንኳን ለዓለም ገበሬ ለጥቂት ፋብሪካም የሚበቃ አልነበረም። ይህም ብቻ አይደለም፤ ኦስሚየም አየር በነካው ጊዜ መርዛም ትነት ያወጣል።

ስለዚህ ካርል ቦሽ ሥራውን በሚመራበት በዚያ ኩባንያ ውስጥ፥ አልቪን ሚታሽ የተባለው ኬሚስት ርካሽ ምትክ እንዲፈልግ ተደረገ። ሚታሽም ትናንሽ የመፈተኛ ምድጃዎች አሠርቶ፥ ከረዳቶቹ ጋር ያገኘውን ማዕድን ሁሉ አንድ ባንድ ያስገባ ጀመር። በዚያው በ1909 ኅዳር ወር ከስዊድን አገር የመጣ አንድ የብረት ድንጋይ ቢሞከር፥ ከዚያ በፊት ከተፈተነው ብረት ሁሉ የበለጠ ውጤት ሰጠ። ንጹሑ ብረት ቶሎ ሲደክም ይህ ድንጋይ ስለ ምን በረታ ብለው ቢመረምሩ፥ በድንጋዩ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ባዕድ ነገሮች ብረቱን እንደሚረዱት ተረዱ። በብረቱም ላይ ጥቂት የአሉሚኒየም ኦክሳይድና ጥቂት ፖታስየም እየጨመሩ አሻሻሉት። እስከ 1912 ድረስ 2,500 ያህል ዓይነት ቅይጥ በ6,500 ያህል ፈተና መረመሩ። በ1913 መስከረም ወር በኦፓው የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራውን ጀመረ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም አብዛኛው የዓለም አሞኒያ የሚሠራው የሚታሽ ብረት ተወላጅ በሆነ ካታሊስት ነው።

አንባቢ ይህን የ6,500 ቍጥር ልብ ይበልልን። ምድጃው 6,500 ጊዜ ጋለ፥ 6,500 ጊዜ ቀዘቀዘ ማለት ነው፤ የፈታኞቹም ትዕግሥት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ፈታኞቹ የትኛው ማዕድን እንደሚሠራ እንጂ ስለ ምን እንደሚሠራ አያውቁም ነበረ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ፍለጋ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ስለ ምክንያቱ አስቀድሞ ፍንጭ የሰጠው በ1912 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ፈረንሳዊው ጳውሎስ ሳባትዬ ነው። አሳቡም ይህ ነው፤ ካታሊስቱ ጋዙን አላልቶ የያዘው እንደሆነ ማሰሪያውን ሊፈታው አይችልም፤ አጥብቆ የያዘው እንደሆነ ደግሞ አይለቀውም፥ ገጹም ይሞላና ሥራው ይቆማል። ለአንድ ወገን ያደላ ሽማግሌ ዕርቅ እንደማያወርድ ሁሉ፥ አጥብቆ የሚይዝ ማዕድንም አሞኒያ አይሰጥም። ማዕድናቱን ናይትሮጅንን በሚይዙበት ኀይል መጠን በመስመር ብንደረድራቸው፥ ሥራቸው እንደ ተራራ ከዳር ወደ መካከል እየጨመረ ይሄድና እንደ ገና ይቀንሳል። ኦስሚየምና ሩቴኒየም በተራራው ራስ አጠገብ ይገኛሉ፤ ብረትም ከእነርሱ ብዙ አይርቅም። ሞሊብዲነም አጥብቆ በሚይዘው፥ ኮባልት ደግሞ አላልቶ በሚይዘው ቍልቍለት ላይ ናቸው። ሳባትዬ አሳቡን ሰጠ እንጂ፥ ያንዱን ማዕድን የመያዝ ኀይል ሳይፈትኑ በቍጥር ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም።

መሣሪያው የተገኘው ከሒሳብ ነው። ዋልተር ኮን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በ1964ና በ1965 ያወጣቸው ጽሑፎች፥ በአቶሞች መካከል ያለውን ኀይል ለማወቅ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን እንቅስቃሴ ለየብቻው መከተል እንደማያስፈልግ፥ የኤሌክትሮኖቹ ጥግግት በየቦታው ስንት እንደሆነ ማወቅ እንደሚበቃ አስረዱ፤ ለዚህም ኮን በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር እየበረታ በሄደ መጠን፥ አንድ የናይትሮጅን አቶም በአንድ ማዕድን ገጽ ላይ በምን ያህል ኀይል እንደሚያዝ ምድጃ ሳያነድዱ ማስላት ተቻለ።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀው አንዱ የዴንማርክ አገር ሰው የንስ ኖርስኮቭና ባልደረቦቹ ናቸው። እነዚህ ሊቃውንት እንዲህ ብለው ተነሡ፤ ሞሊብዲነም አጥብቆ የሚይዝ፥ ኮባልትም አላልቶ የሚይዝ ከሆነ፥ ሁለቱ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ገጽ ላይ የሚያርፍ ናይትሮጅን ከመካከለኛው ኀይል አጠገብ ሊያዝ ይገባዋል። ቢያሰሉት አሳባቸው ልክ ሆኖ ተገኘ። በ2001 ባወጡት ጽሑፍም ከኮባልት፥ ከሞሊብዲነምና ከናይትሮጅን የተሠራው ካታሊስት፥ ጥቂት ሲዚየም ሲጨመርበት፥ በጋዙ ውስጥ ያለው አሞኒያ ጥቂት በሆነበት ሁኔታ ብረቱን እንደሚበልጠው አስታወቁ። ያንኑ ውሑድ የጃፓን ተመራማሪዎችም በዚያው ጊዜ በሌላ መንገድ ደርሰውበት ነበረ። ሁለቱ ማዕድናት ብቻቸውን ደካሞች ናቸው፤ ከፕላቲነም ወገን የሆነም ባንዱ እንኳ የለም።

ከዚህም ይልቅ እኛን ያስደነቀን በሩቴኒየም ላይ የተገኘው ነገር ነው። ሩቴኒየም ከብረት ባነሰ ግፊት ይሠራል፤ በ1992 በካናዳ በኪቲማት ከተማ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ በእርሱ ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ዋጋው ከብረት ጋር የሚነጻጸር ስላይደለ ፋብሪካዎች ሁሉ ሊከተሉት አልቻሉም። በ1999 የዴንማርኮቹ ተመራማሪዎች በአንድ ንጹሕ የሩቴኒየም ገጽ ላይ፥ የገጹን ከመቶው አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ የሚሸፍን ወርቅ ቢያስቀምጡ፥ ናይትሮጅኑን የመፍታት ሥራ ቆመ ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ከመቶው 98 እጅ የሆነው ሩቴኒየም ሳይነካ እያለ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልሱን ሒሳቡና ፈተናው ባንድነት ሰጡ። የማዕድን ገጽ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም በአቶም መጠን ሲታይ እንደ እርከን ሜዳና ደረጃ አለው። ናይትሮጅኑ የሚፈታው በደረጃው ጠርዝ ላይ ነው፤ በሜዳው ላይ ያለው ፍጥነት ቢያንስ በአንድ ቢሊዮን እጅ ያነሰ ነው። ወርቁም ሄዶ ያረፈው በዚያው በጠርዙ ላይ ነበረ። መቶ ሰው ለአጨዳ ተቀጥሮ ሁለቱ ብቻ ሲያጭዱ፥ ዘጠና ስምንቱ ግን በጥላ ሥር ተቀምጠው ደመወዝ እንደ መብላት ያለ ነው። እነዚያ ሁለቱ የታመሙ ዕለት ማሳው ሳይታጨድ ይቀራል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ሌላ ሆነ፤ ሩቴኒየሙን ስንት ኪሎ እንጨምር መሆኑ ቀርቶ፥ ጠርዙን እንዴት እናብዛው ሆነ። ማዕድኑ ወደ ትናንሽ ቅንጣት ሲከፋፈል ጠርዙ ይበዛል፤ ነገር ግን ቅንጣቱ ከልክ በላይ ያነሰ እንደሆነ ናይትሮጅኑን የሚቀበለው የአቶሞች አቀማመጥ ሊሠራ አይችልም። የሚሻለው መጠን ወደ ሁለት ናኖሜትር ግድም ሆኖ ተገኘ፤ ይህም አንድ ሚሊ ሜትር በአምስት መቶ ሺህ ቢከፈል አንዱን ክፋይ ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ልክ በመዶሻና በምድጃ ብቻ እየፈለጉ መድረስ ምን ያህል ዘመን ይወስድ እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ውድ ማዕድን የሚጠፋበት ሌላ የማዳበሪያ ሥራም አለ፤ እርሱም አሞኒያን አቃጥሎ ናይትሪክ አሲድ ማውጣት ነው፤ ከዚህም አሞኒየም ናይትሬት የሚባለው ማዳበሪያ ይሠራል። እዚያ ካታሊስቱ ከፕላቲነምና ከጥቂት ሮዲየም በቀጭን ሽቦ የተሠራ፥ ወንፊት የሚመስል መረብ ነው። ከ800 ድግሪ በላይ ስለሚግል ፕላቲነሙ በጥቂት በጥቂቱ ይተናል፤ ለያንዳንዱ ቶን አሲድ የሚጠፋው ከአንድ ግራም ያነሰ ቢሆንም፥ በዓመት ሲደመር ፋብሪካዎቹ የሚተነውን የሚይዝ ሁለተኛ የፓላዲየም መረብ ከበታቹ እስከ መዘርጋት አድርሷቸዋል። ባገራችን በብዛት የሚበተነው ዩሪያ ግን በዚህ መንገድ ስለማያልፍ ነገሩን አናስረዝመውም።

ለእኛ ይልቅ የሚቀርበው የሃይድሮጅኑ ነገር ነው። ዛሬ አብዛኛው ሃይድሮጅን የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የዩሪያ ዋጋ ከጋዝ ዋጋ ጋር የሚወጣውና የሚወርደው ስለዚህ ነው፤ በ2022 የሆነውንም ሁሉም ያስታውሰዋል። በ2025 ነሐሴ ወር የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ፥ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ለመሥራት የተዋዋለው ከካሉብና ከሂላላ በሚመጣው ጋዝ ታስቦ ነው። ሆኖም ሃይድሮጅንን ውኃን በኤሌክትሪክ በመለያየትም ማውጣት ይቻላል፤ በግብፅ አገር በአስዋን በ1960 ሥራ የጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ከግድቡ በሚገኘው ኤሌክትሪክ ለብዙ ዘመን እንዲህ ሠርቷል። የወንዝ ኀይል ላለው አገር ይህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ውኃን የሚለያየው መሣሪያ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። የቀድሞው በኒኬል ይሠራል፥ ውድ ማዕድንም አይፈልግም፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይይዛል፥ ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክንም እንደ ልብ አይከተልም። አዲሱ ትንሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ባንዱ ወገን ኢሪዲየም፥ በሁለተኛው ወገን ፕላቲነም ይፈልጋል። በዓለም በየዓመቱ የሚወጣው ኢሪዲየም ከ7 እስከ 8 ቶን ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪቃ ነው። ለአንድ ጊጋ ዋት መሣሪያ እስከ ዛሬ በተለመደው አሠራር ወደ 400 ኪሎ ይገባል ተብሎ ስለሚታሰብ፥ የዓለም የአንድ ዓመት ኢሪዲየም ለሌላ ሥራ ምንም ሳይተርፍ ቢሰጥ ከ20 ጊጋ ዋት ብዙ አያልፍም። የሃበር ኦስሚየም ችግር ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

በፕላቲነሙ ወገን ግን ሒሳቡ አንድ ያማረ ነገር አስገኝቷል፤ የመጣውም ከባቄላ ሥር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ባቄላ፥ ሽምብራና ምስር በተዘሩበት ማሳ የሚቀጥለው እህል እንደሚያምር ገበሬያችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ምክንያቱ በሥራቸው እባጭ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ስለሚፈቱት ነው፤ ለዚህም የኦፓውን እሳትና ግፊት አይፈልጉም፥ ወርቅም ፕላቲነምም አይፈልጉም። መሣሪያቸው በውስጡ ብረት፥ ሞሊብዲነምና ድኝ ያለበት ኢንዛይም ነው። በ2005 ኖርስኮቭና ባልደረቦቹ ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅንን በምን ያህል ኀይል እንደሚይዝ ካሰሉ በኋላ፥ የሚመስለውን ቢፈልጉ ሞሊብዲነምና ድኝ የተዋሐዱበት፥ ለመኪና ማለስለሻ የሚያገለግለው ጥቍር ዱቄት ጠርዙ እንዲሁ እንደሚይዝ አገኙ። ቢፈትኑትም ሃይድሮጅን ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተደረገው ምርመራ ሥራው በዱቄቱ ስፋት ሳይሆን በጠርዙ ርዝመት ልክ እንደሚበዛ አረጋገጠ። እስከ ዛሬ ፕላቲነምን አልተስተካከለውም፤ ቢሆንም ከባቄላ ሥር ተነሥቶ እዚህ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሒሳቡ ወሰን ሳንናገር ብናልፍ ግን አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። በ2005 የሩቴኒየም ካታሊስት በሰዓት ስንት አሞኒያ እንደሚሰጥ ከሒሳብ ብቻ ተነሥተው ያሰሉ ሊቃውንት፥ የሒሳባቸው ውጤት ከፈተናው ከ3 እስከ 20 እጅ የሚደርስ ልዩነት ነበረው፤ ይህም በሙያው ዘንድ ታላቅ ስኬት ተብሎ ተቆጥሯል። በንግድ ቤት ግን 20 እጅ የሳተ ሒሳብ ያቀረበ ጸሐፊ በሥራው አይቆይም። ስለዚህ ሒሳቡ ከብዙ ሺህ ዕጩዎች መካከል የማይረቡትን አስቀድሞ ይጥላል እንጂ የመጨረሻውን አይመርጥም። ከ2020 ወዲህ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ስሌቶች ተሰብስበው ለሁሉ ክፍት ሆነዋል፤ ኮምፒዩተርም ከእነርሱ እየተማረ ግምቱን ባጭር ጊዜ እንዲሰጥ ሆኗል። ሆኖም አንድ ካታሊስት በፋብሪካ ውስጥ ድኝና እርጥበት እየነካው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለማወቅ ምድጃው አሁንም መንደድ አለበት። የብረቱ ካታሊስት ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል፥ ዋጋውም ጥቂት ነው፤ ኮባልትና ሞሊብዲነም በ2001 አሸንፈውት ሳሉ ከቦታው ያላስለቀቁት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለገበሬው የሚሰጠው መልስ፥ ነገ ካታሊስቱ ቢረክስ የኩንታሉ ዋጋ ይወርዳል የሚል ሊሆን አይገባም። በኩንታሉ ዋጋ ውስጥ የሚበዛው ጋዙ ነው፥ ካታሊስቱ ጥቂት ነው። ለውጡ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ባነሰ ሙቀትና ባነሰ ግፊት የሚሠራ፥ ብርቅ ማዕድንም የማይፈልግ ካታሊስት የተገኘ እንደሆነ፥ ፋብሪካው በባሕር ዳር መተከሉና እንደ ከተማ መግዘፉ ቀርቶ፥ ከእርሻው አጠገብ ካለ የውኃ ወይም የፀሐይ ኤሌክትሪክ ጋር በትንሹ ሊተከል ይችላል። በጎረቤታችን በኬንያ እንዲህ ያለ ትንሽ የአሞኒያ ፋብሪካ በእርሻ ቦታ ላይ ተተክሏል፤ ሻጮቹም ወደ እኛ ሹማምንት ደጅ መምጣታቸው የማይቀር ነው።

በመጡ ጊዜ ወረቀታቸውን ከመፈረም በፊት አራት ነገር መጠየቅ ያሻል። ውኃውን የሚለያየው መሣሪያ በኒኬል ነው ወይስ በኢሪዲየም? በኢሪዲየም ከሆነ በግራም ስንት ነው? አሞኒያ የሚሠራው ካታሊስት ብረት ነው ወይስ ሩቴኒየም፥ የቆይታውስ ዋስትና ስንት ዓመት ነው፤ ዋስትናው በፋብሪካ ከተፈተነ ወይስ ከስሌት ብቻ የተገኘ ነው? አራተኛው፥ ካታሊስቱ ሲደክም በውስጡ የቀረው ማዕድን የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያገለገለ ኢሪዲየምና ሩቴኒየም ተጣርቶ እንደ ገና ይሸጣል፤ ስለዚህ ሻጩ አሮጌውን ዕቃ በነጻ አነሣላችኋለሁ ቢል፥ ዕቃው አስቀድሞ ተመዝኖ ዋጋው በውሉ ላይ ይጻፍ።